ቀጥታዋን ኳስ የሚያስትህ ዓይንህ ነው ወይስ ክንድህ?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ፑል መጫወት ከጀመርኩ 3 ዓመት ሆኖኛል። አንዳንድ ቀን የመታሁት ሁሉ ይገባል፤ በማግስቱ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ብላ የቆመች ኳስ እንኳ እስታለሁ። ከሩቅ ስመታ ደግሞ ብዙ ጊዜ በአንድ ወገን ትወጣብኛለች። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከቀዳዳው ትይዩ በኳሷ ጀርባ ያለውን ነጥብ አይና ነጯን፣ በስቲክ የምትመታዋን ኳስ፣ ወደዚያ ነጥብ እልካታለሁ። ጓደኞቼ የራስህን ስቲክ (የመምቻ ዘንግ) ግዛ፣ ነጯንም ከጎን እየመታህ ማሽከርከር ልመድ ይሉኛል። ከበርጫ በኋላ የተሻለ የምጫወትም ይመስለኛል። የትኛውን የማነጣጠሪያ ዘዴ ልማር?»

አሁን ምንም አዲስ የማነጣጠሪያ ዘዴ አትማር። ቀጥታዋን ኳስ እየሳትክ ነው፤ ቀጥታ ኳስ ላይ ደግሞ የሚሰላ ማዕዘን የለም። ነጯ፣ ተመቺዋ (ነጯ ገጭታ ወደ ቀዳዳው የምትልካት ኳስ) እና ቀዳዳው አንድ መስመር ላይ ናቸው። እሷን የሚስት ሰው ብዙውን ጊዜ የሚመታበት ቦታ ጠፍቶት አይደለም፤ ስቲኩ እሱ ባሰበው መስመር ላይ አልሄድ ብሎት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ክንድህን እናስተካክል፣ ዓይንህ ቀጥሎ ይመጣል።

አንድ ቀን ገብቶ በማግስቱ የመጥፋቱ ምክንያት ቁጥር ውስጥ አለ። የፑል ኳስ ከጫፍ እስከ ጫፍ 57 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ነጯ ተመቺዋን ስትነካ ከትክክለኛው ቦታ 1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ካለች፣ ተመቺዋ ከመንገዷ 1 ዲግሪ ያህል ትወጣለች። 1 ዲግሪ ማለት ከ1 ሜትር በኋላ 1.75 ሳንቲ ሜትር፣ ከ2 ሜትር በኋላ 3.5 ሳንቲ ሜትር ነው። የውድድር ጠረጴዛ የማዕዘን ቀዳዳ አፉ 11.5 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ የኳሷን ስፋት ስትቀንስለት በግራም በቀኝም የሚተርፍህ 3 ሳንቲ ሜትር አይሞላም። ተመቺዋ ከቀዳዳው 1 ሜትር ርቃ ከቆመች የ1.5 ሚሊ ሜትር ስህተት ይታለፍልሃል። 2 ሜትር ላይ ግን ያው ስህተት ኳሷን ከጎማው፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላስቲክ፣ ጋር ያላትማታል። እንግዲህ ጥሩ በምትለው ቀንም ትሳሳታለህ፤ የዚያን ቀን ስህተትህ ከትርፉ ውስጥ ስለሚውል ነው የማይታይህ። ኳሷ በአንድ ወገን ብቻ መውጣቷ ግን ደግ ምልክት ነው። አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ብትወጣ ምክንያቱን ለማግኘት ትቸገር ነበር፤ ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ከወጣች አንድ የማይለወጥ ጥፋት አለ ማለት ነው፣ ተፈልጎም ይገኛል።

ለማግኘት ሁለት ፈተናዎች ይበቃሉ። ለመጀመሪያው ባለ ቀበቶ ኳሶች (ወገባቸውን ባለ ቀለም ሰቅ የዞራቸው) ካሉት ስብስብ አንዷን አንሳና በነጯ ቦታ፣ በጠረጴዛው የመሐል መስመር ላይ አስቀምጣት። ቀበቶዋ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ሩቁ ጎማ ይመልከት። ከዚያ የቀበቶውን መሐል መካከለኛ በሆነ ኃይል መትተህ ሩቁን ጎማ ነክታ ወደ አንተ እንድትመለስ አድርግ። በትክክል መሐሏን ከመታህ ቀበቶው እንደ ባጃጅ ጎማ ቀጥ ብሎ ይንከባለላል፣ ኳሷም ተመልሳ ስቲክህ ጫፍ ላይ ትመጣለች። ሲንገዳገድ ካየኸው ጎኗን መትተሃታል። ቀጥ ብላ ሄዳ ከጎማው ስትመለስ ወደ ቀኝ ካዘነበለች የመታኸው ከመሐል ቀኝ ነው፤ ወደ ግራ ከሆነ ግራውን። ገና ስትነሳ ከመስመሩ ከወጣች ደግሞ ስቲክህ ራሱ ወደ ጎን ዞሮ ነው የቆመው። ከዚያ ኳሷን አንስተህ የስቲኩ ጫፍ የሚቀባው ቾክ ያሳረፈውን ምልክት ተመልከት። ትንሽ ሰማያዊ ነጥብ ታገኛለህ። እዚያ ላይ ክርክር የለም፤ ነጥቡ ከቀበቶው መሐል 3 ሚሊ ሜትር ርቆ ካገኘኸው ለሦስት ዓመት መሐል የመሰለህ መሐል አልነበረም።

ሁለተኛው ፈተና ነጯን ማቆም ነው። ነጯንና ተመቺዋን በ50 ሳንቲ ሜትር ርቀት ከቀዳዳው ጋር በአንድ መስመር አስቀምጥና ነጯን ከመሐሏ በትንሹ ዝቅ አድርገህ ጠንከር ባለ ምት ምታት። ተመቺዋ ስትሄድ ነጯ እዚያው ደርቃ መቅረት አለባት። ተመቺዋ ገብታ እንኳ ነጯ ወደ ጎን ከተንሸራተተች ሙሉ ለሙሉ አልተገጣጠሙም፤ የገባችልህ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ነው። ነጯ ቆማ እንደ እንዝርት በቦታዋ ከተሽከረከረች የመታሃት ጎኗን ነው። ወደፊት ከተከተለች ደግሞ ዝቅ ብለህ አልመታህም፣ ወይም ነጯ ከሌሎቹ ትከብዳለች። የመጨረሻውን አትናቀው፤ አንዲት ኳስ በጠፋች ቁጥር ከሌላ ስብስብ እየተተካ በሚጫወትበት ቤት ነጯ ብዙ ጊዜ የተለየ ክብደት ወይም መጠን አላት። ከሁለት ሌሎች ኳሶች ጎን አስጠግተህ ቀጥ ያለ ነገር አናታቸው ላይ ስታስተኛ ከፍታዋ ከተለየ መጠኗ የተለየ ነው።

አሁን ወደ ዓይንህ እንምጣ፤ እዚህ ላይ በእውነት የተሳሳትከው ነገር አለ። ከቀዳዳው ትይዩ ያለው ነጥብ መነካት ያለበት ነጥብ መሆኑ ልክ ነው። ነገር ግን የነጯ መሐል ወደዚያ ነጥብ አይላክም። ኳሶች ክብ ስለሆኑ የነጯ መሐል ነጥቡ ላይ ከመድረሱ በፊት ጎኗ ሌላ ቦታ ይነካል። 30 ዲግሪ መቆረጥ፣ ማለትም ከነጯ መንገድ በዚያ ያህል ወደ ጎን መሄድ፣ ያለባትን ኳስ አንተ በምታደርገው መንገድ ብትመታት የምትሄደው 14 ዲግሪ ተኩል ገደማ ብቻ ነው፤ ግማሽ መንገድ እንኳ አትሞላም። እስካሁን አንዳንዴ የሚገባልህ እጅህ ሳታውቀው ስለሚያርምልህ ነው። ትክክለኛው ዒላማ የሌለችውን ኳስ ማየት ነው፦ ከተመቺዋ ጀርባ፣ በቀዳዳው መስመር ላይ፣ ተመቺዋን ነክታ የቆመች አንዲት ኳስ አለች ብለህ አስብ። የነጯን መሐል የምትልከው ወደዚች ኳስ መሐል ነው። ይህ ቦታ ከተመቺዋ ጠርዝ 28 ሚሊ ሜትር ተኩል ይርቃል፣ የኳስ ግማሽ ማለት ነው። ስትለማመድ እውነተኛ ኳስ እዚያ አስቀምጠህ አይተህ አንሳት፤ በቦታዋ የስስ ወረቀት ቁራጭ፣ ከምስር ፍሬ ያልበለጠ፣ ተው። ወረቀቱ እያለ የምታገባትን ኳስ ወረቀቱ ሲነሳ ከሳትካት ጥፋቱ የዓይን ነው። ወረቀቱ እያለም ከሳትካት ክንድህ ነው።

ከማዕዘኖች ሁሉ አስቀድመህ የምትይዘው ግማሽ ኳስ ነው። የነጯን መሐል ወደ ተመቺዋ ጠርዝ ስትልክ ነጯ የተመቺዋን ግማሽ ትሸፍናለች፣ ተመቺዋም 30 ዲግሪ ትሄዳለች። ሦስት አራተኛዋን ስትሸፍን 14 ዲግሪ ተኩል፣ አንድ አራተኛዋን ስትሸፍን 48 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። እነዚህን ሦስቱን በዓይንህ ከለመድክ የቀሩትን ከእነሱ ሞላ ወይም ሳሳ እያደረግክ ታገኛቸዋለህ።

አንድ ዓይን መጨፈን ተው። ጠመንጃ ላይ ዓይኑ፣ አፈሙዙና ዒላማው በአንድ መስመር ይታያሉ፤ ፑል ላይ ስቲኩ ከአገጭህ በታች ነው፣ ርቀቱን ለመገመትም ሁለቱም ዓይኖች ያስፈልጉሃል። የሚያስፈልግህ ጭንቅላትህ የሚቀመጥበትን ቦታ ማወቅ ነው። ቀጥታ ኳስ አሰልፈህ ስቲኩን ሌላ ሰው በመስመሩ ላይ በትክክል ይዞልህ፣ አንተ ጎንበስ ብለህ ጭንቅላትህን ቀስ እያልክ ግራና ቀኝ አንቀሳቅስ። መስመሩ ጠማማ ሆኖ ይታይሃል፣ አንድ ቦታ ላይ ግን ቀጥ ይላል። ለአንዳንዱ ሰው ስቲኩ ከአገጩ መሐል በታች ሲሆን ነው፣ ለአንዳንዱ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዓይኑ ሲጠጋ። ያንተን ካገኘህ በኋላ አገጭህ ሁልጊዜ እዚያው ይግባ። ወደ አንድ ወገን ለሚወጣ ኳስ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ይኸው የጭንቅላት ቦታ ነው።

ክንዱን ቀጥ የሚያደርገው አቋቋም ነው። ዒላማህን ቆመህ ጨርስ፤ ከነጯ ኋላ አንድ እርምጃ ርቀህ መስመሩን እይ፣ ቀኝ እጅህ ከሆነ የምትመታው ቀኝ እግርህን መስመሩ ላይ አሳርፍ፣ ግራውን በትከሻህ ስፋት ወደፊትና ወደ ግራ አድርግ፣ ከዚያ ቀጥ ብለህ መስመሩ ላይ ውረድ። ከወረድክ በኋላ «ትንሽ ወደ ቀኝ» የሚል ሐሳብ ከመጣብህ ስቲኩን አታጣምም። ተነስ፣ እንደገና ውረድ። ጎንበስ ብሎ ስቲክ የሚያጣምም ሰው እግሩ በአንድ መስመር፣ ክንዱ በሌላ መስመር ይቆማል፤ ምቱ ላይ ሰውነቱ ወደ እግሩ መስመር ይጎትተዋል። አንድ ቀን ገብቶ በማግስቱ የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው፣ የወረድክበት መስመር በየቀኑ ስለሚለያይ።

የፊት እጅህ ከነጯ አንድ ስንዝር ያህል፣ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ብዙ ልጆች በ35 እና በ40 ያስረዝሙታል፤ ሲረዝም ከኋላ ያለች ትንሽ ጥምዘዛ ጫፉ ላይ ትልቅ ትሆናለች። የኋላ እጅህ ስቲኩን የሚይዘው የቡና ሲኒ እንደምታነሳው ነው፣ መዶሻ እንደምትጨብጠው አይደለም። ሲጨበጥ የእጅ አንጓ ይጠመዘዛል፣ ጫፉም አብሮ ይሄዳል። ጫፉ ነጯን ሊነካ ሲል ክርንህ ከላይ ሆኖ ክንድህ ወደ ወለሉ ቀጥ ብሎ መንጠልጠል አለበት። ወደፊት ካዘነበለ እጅህን ወደ ኋላ ስደደው፣ ወደ ኋላ ከሆነ ወደፊት አምጣው። ስቲኩ ጎማው እስከፈቀደ ድረስ ዝቅ ብሎ ይተኛ፤ ኋላው ከፍ ሲል ጎን የነካች ምት ሁሉ ነጯን ታጠመዝዛታለች።

ከዚያ ሦስት ወይም አራት ጊዜ አወዛውዝ፣ ጫፉን ነጯ አጠገብ አቁም፣ መሐሏ ላይ መሆኑን እይ፣ ዓይንህን ወደ ተመቺዋ አሻግር፣ ቀስ ብለህ ወደ ኋላ ሳብ፣ ሳትነጥቅ ምታ። በምቱ ቅጽበት ዓይን ያለው ተመቺዋ ላይ ነው። ጫፉ ነጯ የነበረችበትን ቦታ አልፎ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሂድና እዚያው ይቁም፣ አንተም ኳሷ እስክትገባ አትነሳ። ገብታ እንደሆነ ለማየት የሚነሳ ሰው ትከሻው ከምቱ በፊት ነው የሚነሳው።

ከጎን መምታትን በተመለከተ የጓደኞችህን ምክር ለአሁኑ አትቀበል። ጫፉ የነጯን ቀኝ ሲመታ ነጯ መጀመሪያ በትንሹ ወደ ግራ ትሸሻለች፣ ከዚያ የስቲኩ ኋላ ከፍ ካለ ወደ ቀኝ ትመለሳለች፤ መጠኑ በኃይልህ፣ በርቀቱና በስቲኩ ይለያያል። መሐሏን መምታት የማይችል ሰው ይህን ሲጨምርበት አንዱን ስህተት በሌላ ስህተት ያርማል፣ የትኛው የቱ እንደሆነም መለየት ያቅተዋል። ነጯን ለቀጣዩ ምት ማስቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በመሐል፣ ከመሐል ከፍ ብሎና ዝቅ ብሎ በመምታት ይሆናል።

ስቲክ መግዛትም ቀጥታ ኳስ አያስገባልህም። ከቤቱ ስቲኮች አንዱን መርጠህ ሁልጊዜ እሱን ተጫወትበት። ጠረጴዛ ላይ ማንከባለሉ ብቻውን አያስተማምንም፤ አንድ ዓይንህን (ለዚህ ሥራ መጨፈን ይቻላል) ከወፍራሙ ጫፍ እስከ ቀጭኑ አሻግረህ እያሽከረከርክ እየው፣ የጎበጠ ከሆነ ይወዛወዛል። የጫፉ ቆዳ ጉብ ያለ ይሁን። ጠፍጣፋና እንደ መስታወት ያበራ ቆዳ ቾክ አይዝም፣ ኳሷ ላይ ይንሸራተታል፤ በስስ ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ ይስተካከላል፣ ግን ባለቤቱን አስፈቅድ። ቾኩን እንደ መሰርሰሪያ አታሽከርክረው፣ ሙሉ ቆዳውን እንደ ቀለም ቀባው።

በርጫን አንስተሃልና ዝም ብዬ አላልፈውም። ጫት ንቃት ይሰጣል፣ የልብ ምትንም ያፈጥናል። ምርቃና ላይ ያለ ሰው በራሱ ይተማመናል፣ ግን ይቸኩላል፤ ከላይ የጻፍኩት፣ ከምቱ በፊት ጫፉን ነጯ አጠገብ የማቆሚያ ቅጽበት መጀመሪያ የሚጠፋው ያኔ ነው። የተሻልክ መስሎህ ከሆነ ሁለቱን ቀን በማስታወሻ ቆጥረህ አወዳድር እንጂ በስሜትህ አትፍረድ። ልምምዱን ግን ከበርጫ በፊት አድርገው።

የድሬ ጠረጴዛዎች የራሳቸው ጣጣ አላቸው፣ እሱን ሳታውቅ ራስህን አትውቀስ። በረንዳ ላይና በዛፍ ጥላ ሥር ያሉት ብዙዎቹ ወለላቸው እኩል አይደለም። ከመጀመርህ በፊት አንዲት ኳስ በጣም በዝግታ በአራቱም አቅጣጫ አንከባልል፤ መጨረሻ ላይ ስትዞር ካየሃት ወደየት እንደምትዞር ያዝ። ነፋስ ሲነሳ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ጨርቁም ኳሱም ላይ ይቀመጣል። ይህ ከምታስበው በላይ ይጎዳል። ሁለት ኳሶች በማዕዘን ሲነካኩ ሰበቃው ተመቺዋን ነጯ ወደምትሄድበት አቅጣጫ በትንሹ ይጎትታታል፣ ውጤቱ ሁልጊዜ ማነስ ነው፤ ኳሷ ከሚገባው ያነሰ ትቆረጣለች። ቀስ ባለ ምት፣ ግማሽ ኳስ አካባቢ፣ መጎተቱ እስከ 5 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል፣ ያ ደግሞ ከ1 ሜትር በኋላ ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው። ኳስ ሲቆሽሽ ይብሳል፣ ቾክ የነካ ቦታ ከተገናኘማ ሁለቱ የተጣበቁ ያህል ይሆናሉ። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ እርጥብ ጨርቅ፣ ቀጥሎ ደረቅ ጨርቅ። ቤንዚንና ጋዝ አትጠቀም።

ላብም አለ። የፊት እጅህ ሲረጥብ ስቲኩ ይነክሳል፣ ምትህ ይቆራረጣል። እጅህን ታጠብ፣ አድርቅ፣ የስቲኩንም ቀጭን ክፍል ጥረግ። ፓውደር የምትጠቀም ከሆነ በቁንጥር፣ ጨርቁ ላይ እንዳይፈስ። መብራቱ ከአንድ ወገን ግድግዳ ላይ ከሆነ የኳሷ ጥቁር ወገን ይጠፋና መሐሏ ወደ ብርሃኑ የተጠጋ ይመስልሃል፤ ይህም ብቻውን በአንድ ወገን ያስትሃል። የደንገጎን ዳገት ወጥተህ ሐረር በክረምት ስትጫወት ደግሞ ጨርቁ እርጥበት ይዞ ይከብዳል፣ የድሬውን ኃይል ይዘህ ብትሄድ ኳሶችህ ሁሉ አጭር ይቀራሉ።

ስለ ኃይል አንድ ነገር ብቻ፦ ኳሷ ቀዳዳው ባይኖር ግማሽ ሜትር ያህል አልፋ የምትቆምበት ምት ይበቃል። ከዚያ ሲበልጥ ጎማ የነካችውን ኳስ ቀዳዳው ይተፋታል፣ ሲያንስ ደግሞ ያልተስተካከለ ወለልና ሰበቃው ይወስዷታል።

የምመክርህ ይህ ነው። ለ6 ሳምንት፣ በሳምንት 4 ቀን፣ 40 ደቂቃ ብቻህን ተለማመድ። ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ቤቱ ባዶ በሆነበትና ሙቀቱ ባልበረታበት ሰዓት፣ ባለቤቱን በጨዋታ ሳይሆን በሰዓት እንዲያስከፍልህ ጠይቀው። የመጀመሪያዎቹን 2 ሳምንታት ባለ ቀበቶዋን ኳስ 20 ጊዜ ወደ ጎማው ልከህ መልስ፣ ከዚያ በ50 ሳንቲ ሜትር 30 ቀጥታ ኳስ ነጯን እያቆምክ ምታ። ከ10 ጊዜ 8ቱን ነጯ ከራሷ ስፋት ሳትርቅ እስክትቆም ወደሚቀጥለው አትሂድ፣ 3 ሳምንት ቢፈጅም። ቀጥሎ ርቀቱን ወደ 1 ሜትር አድርሰው። የመጨረሻዎቹን 2 ሳምንታት ግማሽ ኳስ በግራና በቀኝ፣ መጀመሪያ በወረቀቱ፣ ከዚያ ያለ ወረቀቱ። በእነዚህ 6 ሳምንታት ከጎን ምንም አትምታ፣ ከጓደኞችህ ጋር ስትጫወትም ቢሆን። ስቲኩን ለማቅናት ብቻ፣ ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ አስተኝተህ ጫፉን አፉን ሳትነካ እያስገባህ ማውጣት በቀን 5 ደቂቃ ይጠቅማል።

የሳትካትን ኳስ ሁሉ በደብተር ጻፍ፦ ወደ የት እንደተቆረጠች፣ በየት በኩል እንደወጣች። መጨረሻ ላይ በግራም በቀኝም የምትቆርጣቸው ሁሉ እያነሱ የሚወጡ ከሆነ የሌለችውን ኳስ ቦታ ዘንግተሃል ወይም ኳሶቹ ቆሽሸዋል። በአንዱ ወገን እያነሱ በሌላው እየበዙ የሚወጡ ከሆነ ጭንቅላትህ ከቦታው ወጥቷል፣ ወደ አገጩ ልምምድ ተመለስ። ቀጥታዎቹ 1 ሜትር ላይ ከ10 ጊዜ 8ቱ ነጯን እያቆሙ ከገቡ ያኔ ስቲክ ግዛ፤ ክብደቱ ከ540 እስከ 570 ግራም፣ ጫፉ ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር የሆነውን። ለስኑከር የተሠራውን ባለ 9 ወይም ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጫፍ አትውሰድ፣ እሱ ለትናንሽ ኳሶች ነው።